ወደ ሮማ የትኛውን መምሪያ ይዘን እንሂድ?

የጉዞ መምሪያ ድርሰት ነው ወይ? ነው እንጂ! ደራሲ አለው፤ ተራኪ አለው፤ ተደራሲ አለው፤ የሚገልጠውም የሚሸፍነውም አለው። እንዲያውም ከብዙ ልብ ወለድ ይልቅ አንባቢውን የሚያዝ እሱ ነው። «ወደ ግራ ታጠፍ» ሲል ይታጠፉለታል፤ «ይህን ሳታይ አትመለስ» ሲል አይተውለት ይመለሳሉ። የልብ ወለድ ደራሲ እንዲህ ያለ ታዛዥ አንባቢ ቢያገኝ ምንኛ በታደለ! ይሁንና እኛ በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ግጥሙም ስለ ቴአትሩም ስንጨቃጨቅ፣ ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ ዞር ብሎ ያየው የለም።

ነገሩን ያነሳሁት ዝም ብዬ አይደለም። ከመካከላችን ለአጭር ትምህርትም፣ ለስብሰባም ብለው ወደ ሮማ ለመሄድ የሚሰናዱ አሉ። «የትኛው መምሪያ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄም ከሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ አልነሳ ብሏል። የሚሰጠው መልስ ግን ያው ነው፦ ካርታው የጠራ፣ ዋጋው የረከሰ፣ ክብደቱ የቀለለ። ጫማም እኮ የሚመረጠው እንዲሁ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። መምሪያን ስንመርጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «ይህ መጽሐፍ አንተ የሚለው ማንን ነው?» ብለን ነው። ለመሆኑ እኛን ነው? ወይስ እኛ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነን? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ መጻሕፍቱ የታተሙት በዚያው ነውና።)

ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። የዛሬዎቹ መምሪያዎች አባት የሚባሉት ሁለት ናቸው፤ በ1836 በሎንዶን መምሪያ ማውጣት የጀመረው ጆን መሪ እና የጀርመኑ ካርል ቤዴከር። ከቤዴከር የወረስናት ዋናዋ ነገር ኮከብ ናት። ለሚደነቅ ነገር አንድ ኮከብ፣ ለበለጠው ሁለት። ኮከብ እንግዲህ ቅጽል ናት፤ ያውም ማስረጃ የማትጠየቅ ቅጽል። «ውብ» ብሎ የጻፈ ሰው «ለምን ውብ ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ኮከብ የለጠፈን ግን የሚጠይቀው የለም። በ1942 የጀርመን የጦር አይሮፕላኖች ኤክሰተርን፣ ባዝን፣ ኖሪችን፣ ዮርክንና ካንተርበሪን ሲደበድቡ፣ ከተሞቹ የተመረጡት ለጥንታዊ ውበታቸው ነው ተብሎ ድብደባው «የቤዴከር ድብደባ» የሚል ስም ወጣለት። ለጎብኚ የተሰፈረ ኮከብ ለቦምብ ጣይም ያገለግላል ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት ደግሞ በ1957 ባወጣው የመጣጥፍ ስብስብ ላይ «ጊድ ብሉ» የተባለውን መምሪያ ይዞ፣ አገሩን በሐውልትና በቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሕዝቡን እንዴት እንደሚያጠፋው አሳይቷል። ሂሱ ዛሬም አላረጀም። የእኛ ጥያቄ ግን ከባርት ትንሽ ይለያል። ባርት የጠየቀው ስለሚጎበኘው ሕዝብ ነው፤ እኛ ግን ለአንድ ጊዜም ቢሆን ጎብኚዎቹ ሆነናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው። መጽሐፉን ገዝታችሁ ሳይሆን እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆማችሁ ስለ ቪዛ የሚያወራውን ክፍል ግለጡ። ባብዛኛው አንድ አንቀጽ ናት። የእነ እገሌ አገር ዜጋ ከሆንክ ለ90 ቀን ቪዛ አያስፈልግህም ትላለች፤ ከዚያ «የሌላ አገር ሰዎች ኤምባሲ ይጠይቁ» ብላ ታልፋለች። ያቺ «ሌላ» የምትባለው ቃል ውስጥ ያለነው እኛ ነን! የባንክ ደብተር፣ የ30,000 ዩሮ የጉዞ መድን፣ የግብዣ ደብዳቤ፣ የማረፊያ ማረጋገጫ፣ የጣት አሻራ፣ ቀጠሮ... የእኛ ጉዞ የሚጀምረው እዚህ ነው። መምሪያው ግን ትረካውን የሚጀምረው ፊውሚቺኖ አይሮፕላን ጣቢያ ላይ ነው፤ ባቡሩ ከየት ይነሳል፣ ታክሲ ስንት ያስከፍላል ብሎ። በቴአትር ቋንቋ እንናገር ከተባለ የመጀመሪያው ገቢር ተቆርጧል። ይህን አንቀጽ በሁለት ገጽ ያስፋፋ መጽሐፍ ካገኛችሁ፣ ሌላው ቢቀር ደራሲው ፓስፖርት ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የገባው ሰው ነውና በዓይነ በጎ እዩት።

ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ ይጠነክራል። ቴርሚኒ የሚባለው ዋናው የባቡር ጣቢያ ያለበትን ገጽ ግለጡ። ወደ ሮማ የሚገባ መንገደኛ ማለት ይቻላል ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ» ይባላል፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። እነማን ናቸው አምስት መቶዎቹ? ጣልያንኛ ጥቂት የቀመሰ መንገደኛ 16ኛውን መቶ ዘመን ይመስለዋል፤ ጣልያኖች ያን ዘመን በዚሁ ቃል ይጠሩታልና። ሌላው ደግሞ ያቺን ትንሿን ፊያት መኪና ያስባል። አይደለም! አምስት መቶዎቹ ጥር 26 ቀን 1887 (በፈረንጅ ጥር ማለቴ ነው) ከምጽዋ በስተ ምዕራብ ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። እንግዲህ እናንተ ሻንጣችሁን እየጎተታችሁ ከባቡር ስትወርዱ፣ በሮማ ምድር የምትረግጡት የመጀመሪያ አደባባይ የራስ አሉላን ድል በተሸናፊው በኩል የሚያስታውስ ነው። ሕዝቡ አውቶቡስ ይጠብቅበታል፤ መምሪያውም የአውቶቡሱን ቁጥር ይነግራችኋል።

ከጣቢያው ጥቂት እልፍ ብሎ በመናፈሻ ውስጥ የሟቾቹ መታሰቢያ አለ። መታሰቢያው ራሱ ጉድ ነው። በላዩ የቆመው ድንጋይ የግብጹ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው፤ ከአፍሪካ የመጣ ድንጋይ አፍሪካን ሊይዙ ሄደው ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ሆነ ማለት ነው። በ1937 ደግሞ ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የነቀሉትን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አምጥተው እዚሁ መታሰቢያ ሥር አቆሙት። ዘርዓይ ደረስ አንበሳውን አይቶ ሰይፍ የመዘዘው እዚህ ቦታ ላይ ነው። ስንት ሰው ጣለ በሚለው ላይ ተራኪዎችና ታሪክ መርማሪዎች አይስማሙም፤ ሰይፍ መምዘዙን ግን የካደ የለም። ዘርዓይ ወደ አገሩ ሳይመለስ በኢጣሊያ በእስር እንዳለ ሞተ፤ አንበሳው ግን በ1960ዎቹ ተመልሶ ለገሀር ፊት ቆመ። ይህ ሁሉ በአንድ የአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ! የመምሪያችሁ የቴርሚኒ ገጽ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ ካለው ሥራውን የሠራ መጽሐፍ ነው። የሌለው ከሆነ ደግሞ ስለ ኮሎሴየም የሚነግራችሁንም ሌላ ቦታ ሄዳችሁ አመሳክሩት።

ዝምታው በቴርሚኒ አያበቃም። በከተማው ሰሜናዊ ምሥራቅ «የአፍሪካ ሰፈር» የሚባል አለ፤ መንገዶቹ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ፣ ሊቢያ እየተባሉ የተሰየሙት በቅኝ ግዛት ዘመን ስሜት ነው። ከላተራኖ ዝቅ ብሎ ደግሞ የአምባ አራዶም ጎዳና አለ። ጣልያኖች «አምባ አራዳም» ይሉታል፤ በየካቲት 1936 የራስ ሙሉጌታ ጦር በአይሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ ያለቀበት አምባ ነው። ከዚያ ስም ጣልያንኛው አንድ ቃል አወጣ፤ «አምባራዳን»። ትርጉሙ ምን ይመስላችኋል? ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር! ልጅ መጫወቻውን ሲበታትን እናቱ «ይህ ምን አምባራዳን ነው?» ትለዋለች። የሚናገሩት ሰዎች ብዙዎቹ ከየት እንደመጣ አያውቁትም። የመምሪያዎች የጀርባ ገጽ ላይ ሁልጊዜ የቃላት ዝርዝር አለ፤ «ሒሳብ አምጣ»፣ «ሽንት ቤት የት ነው?»... ይህችን አንዲት ቃል የጨመረ ቢኖር ኖሮ ለእኛ ከሙሉው ዝርዝር ትበልጥብን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አሮጌ እትም ልናገር። «አሮጌ መምሪያ አትግዙ» ይባላል። ለአውቶቡስና ለአልጋ ዋጋ እውነት ነው። ነገር ግን ከ2003 በፊት የታተመ የሮማ መምሪያ ብታገኙ በፖርታ ካፔና አደባባይ፣ በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንጻ ፊት፣ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ታዩታላችሁ። በ1937 ተወሰደ፤ ኢጣሊያ በ1947ቱ የሰላም ውል ልትመልሰው ቃል ገባች፤ የተነቀለው በ2003፣ አክሱም የደረሰው በ2005፣ ተመልሶ የቆመው በ2008 ነው። ከቃል እስከ ሥራ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ! በዚያው አደባባይ ላይ ዛሬ ያሉት በ2001 በአሜሪካ ላይ ለደረሰው ጥቃት ሙታን መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ዓምዶች ናቸው። አዲሱ መምሪያ የሚያሳየው ያለውን ብቻ ነው፤ የነበረውን የሚያሳየው አሮጌው ነው። እኔ ብሆን አሮጌውን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ በርካሽ ገዝቼ፣ የአዲሱን የመጓጓዣ ገጾች ፎቶ አንስቼ እሄዳለሁ።

«ታዲያ እኛው ራሳችን የጻፍነው አይሻልም?» የሚል ይኖራል። እንግዲህ ተመልከቱ። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ በ1908 የታተመው ሮማ ነው፤ ይህን ሁላችሁም ለፈተና አጥንታችሁታል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ከተማ፣ ያው አፈወርቅ ሌላም መጽሐፍ ማሳተሙን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ወደ ሐበሻ ለሚሄድ መንገደኛ የተጻፈ መምሪያ ነው፤ በፈረንሳይኛና በአማርኛ፣ ንግግርን በምልልስ የሚያስተምር። ቋንቋው ሕያው ነው፤ የዚያን ዘመን የአነጋገር አማርኛ የሚፈልግ ሰው ሊያልፈው አይገባም። በምልልሶቹ መካከል ግን የአገሩን አስተዳደር፣ የባላባቱንና የወታደሩን ነገር እየነቀሰ ይተቻል። ትችቱ ውስጥ እውነት አለ። ነገር ግን ማን ጆሮ ላይ ነው የሚናገረው? ተደራሲው ሊመጣ ያሰበ ፈረንጅ ነው፤ እኛ በሦስተኛ መደብ ነን። አንድን ነገር ለወንድም መንገርና ለባዕድ መንገር በቃል ባይለያዩም በሥራ ይለያያሉ። ደራሲው በኋላ በወረራው ጊዜ «አፈ ቄሳር» ተብሎ ለጠላት ማደሩን ስናስብ፣ ያ ሦስተኛ መደብ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይመስልም። ብዕሩን እንደማደንቅ አልደብቅም፤ የተደራሲው ምርጫ ግን ያስከፋኛል።

ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1938፣ የኢጣሊያ የቱሪስት ማኅበር ሚላኖ ላይ «የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ» የሚል ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አወጣ። እንደ ሥራ ካያችሁት የሚያስደንቅ ነው። ኪሎ ሜትሩ ተቆጥሮ፣ ወንዙ ተሰይሞ፣ የከተማው ካርታ ተስሎ፤ የቦታ ስም የሚያጠኑ ሊቃውንት ዛሬም ይገልጡታል። ግን በዚያው ዓመት ሸዋና ጎጃም በአርበኞች ጦርነት ይታመስ ነበር፤ የአዲስ አበባ የየካቲት እልቂት ከተፈጸመ ገና አንድ ዓመቱ ነው። አርበኛው ጫካ ውስጥ እያለ መጽሐፉ አገሩን «ለመንሸራሸር የተዘጋጀ» አድርጎ ይዘረጋዋል። የመምሪያ ትልቁ ውሸት ተሳስቶ መጻፉ አይደለም፤ ኪሎ ሜትሩን አስተካክሎ እየጻፈ ጠቅላላው ነገር ሰላም እንደሆነ በድምፁ ማሳመኑ ነው። ከዚህ በመነሳት ሦስተኛውን ፈተና ማውጣት ይቻላል። የሮማን መምሪያ ልትገዙ ስትሉ ያው አሳታሚ ስለ ኢትዮጵያ ያወጣውን ፈልጋችሁ፣ የተወለዳችሁበትን ከተማ ገጽ አንብቡ። እናታችሁ ገበያ የምትወጣበት ሰፈር እንዴት ተጽፏል? ሰው አለበት ወይስ «ቀለማም» ብቻ ነው? ስለምታውቁት ቦታ የሚዋሽ፣ ስለማታውቁት ቦታ እውነት ይነግረናል ብላችሁ እንዴት ታምኑታላችሁ?

ለመንገደኛው ታስቦ፣ በመንገደኛው ወገን የተጻፈ መምሪያ የለም ግን አትበሉ። በ1936 ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ የኒው ዮርክ፣ የሃርለም ፖስታ አዳይ፣ በመኪና ለሚጓዙ ጥቁር አሜሪካውያን የሚሆን መምሪያ ማሳተም ጀመረ። ጥቁር ሰው አልጋ የሚያከራየው ሆቴል፣ ምግብ የሚሸጥለት ቤት፣ ጸጉር የሚያስተካክልለት ሰው የት የት እንዳለ ይዘረዝራል። ኮከብ የለውም፤ አድራሻ ነው እንጂ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጥቁር ሰው እንዳይገኝባቸው የሚከለክሉ ከተሞች በነበሩበት አገር፣ አንዲት የተሳሳተች አድራሻ ሕይወት ታስከፍላለች። ግሪን ይህ መጽሐፍ የማያስፈልግበት ቀን እንዲመጣ ተስፋ ያደርግ ነበር። የዘር መድልዎን የሚከለክለው ሕግ በ1964 ወጣ፤ መምሪያውም ከዚያ ወዲህ ብዙ ሳይቆይ መታተሙን አቆመ። እኔ ከመምሪያዎች ሁሉ የማስበልጠው ይህንን ነው። በአጻጻፉ አይደለም፤ አጻጻፍም የለው። አንተ ሲል ማንን እንደሚል ያውቅ ስለነበር ነው።

«ኧረ ስልክ እያለ ምን መምሪያ አስፈለገ?» የሚሉንም አሉ። ስልክ የጠየቃችሁትን ይመልሳል፤ ጥሩ ነው። ስለ አምስት መቶዎቹ ግን የሚጠይቀው ማን ነው? ያላወቁትን መጠየቅ አይቻልም። የመጽሐፍ ጥቅሙ ያልጠየቃችሁትን ዓይናችሁ ላይ መጣሉ ነው፤ የምግብ ቤት ገጽ ስትፈልጉ የሐውልት ገጽ ላይ ታርፋላችሁ።

እንግዲህ በተጨባጭ ምን ይያዝ? ለድንጋዩና ለሥዕሉ «ብሉ ጋይድ» የተባለው የእንግሊዞች መምሪያ ይሻላል። ደረቅ ነው፤ እንደ ሕግ መጽሐፍ ይነበባል፤ ግን ቤተ ክርስቲያኑን ከመሠረት እስከ ጉልላት ይዘረዝረዋል፤ አሮጌ እትሙም አይጎዳም። ለርካሽ አልጋና ለመጓጓዣ «ሎንሊ ፕላኔት» ወይም «ረፍ ጋይድ» ይበቃሉ። (ሎንሊ ፕላኔት እኮ በ1973 ሲጀምር ባልና ሚስት ቤታቸው ጻፍ ጻፍ አድርገው በእጅ የጠረዙት ትንሽ መጽሐፍ ነበር፤ እንደዚች መጽሔታችን! ዛሬ ትልቅ ንግድ ነው፤ ድምፁም የንግድ ድምፅ ሆኗል።) በጾም ወራት የምትሄዱ ደግሞ «አትክልት ብቻ» የሚለውን ምልክት አትመኑት፤ አይብና እንቁላል አይለየውም። ፒዛ ማሪናራ በሉ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይትና ቅመም ብቻ ነው። ቡናውን ቆማችሁ ጠጡ፤ ተቀምጦ መጠጣት ዋጋ ይጨምራል። የመንግሥት ሙዚየሞች በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በነጻ ናቸው፤ ሰልፉ ግን ያስመርራል።

አንድ ቦታ ደግሞ በየትኛውም መምሪያ ቢኖርም ባይኖርም በማስታወሻ ደብተራችሁ ጻፉልኝ። በቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከአገራችን በእግር የሚመጡ መነኮሳት ማረፊያ ነበር፤ በኢየሩሳሌም በኩል ዞረው፣ ቪዛ ሳይጠየቁ! ፊደላችን ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የተመታውም በዚህች ከተማ ነው፤ በ1513 የግዕዝ ዳዊት። የጀርመኑ ቄስ ፖትከን ያሳተመው ከሐበሻ መነኩሴ ተምሮ ነው። ከ1548 ጀምሮ ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን እዚያው ሮማ አሳተሙ። በስቴንስል ላይ ፊደል እየቆጠርን ለምንለቅም ለእኛ ይህ ከሲስቲና ጣሪያ አያንስም። ቦታው ከግንቡ ውስጥ ስለሆነ እንደ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ዝም ተብሎ አይገባበትም፤ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን ከዚህ ሳትነሱ ጻፉ።